ቦርሳው ውስጥ ምን አለ? ከጎንደር የቆዳ ሥራ ቤት የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መስከረም 24

ጀርመን ያለችው ገዢያችን ለሚቀጥለው የቦርሳ ትእዛዝ ቅጽ ልካለች። በዋጋውም በብዛቱም ተስማምተናል። ቀብዱ ግን ቅጹ ተሞልቶ ሳይመለስ አይላክም። ቅጹ ረጅም ይምሰል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው። ከቦርሳው ክፍሎች በየትኛው ውስጥ፣ ምን የሚባል አደገኛ ኬሚካል፣ በምን ያህል መጠን አለ?

ከግርጌው «የለም» የምትል ትንሽ ሳጥን አለች። እሷ ላይ ምልክት አድርጎ፣ ፈርሞ፣ ማኅተም መትቶ መላክ ይቻላል። የሥራ ቤቱ ባለቤት እትዬም ቅጹን አይተው ያሉኝ ይህንኑ ነው። «ቆዳ ነው፣ ክር ነው። ምን ኬሚካል አለበት ልጄ? ፈርምና ላክላቸው።» ብዙ ቦታ እንዲህ ተደርጎ እንደሚላክ አልጠራጠርም። ግን «የለም» ለማለትም ማወቅ ያስፈልጋል። እኛ ደግሞ ማስቲሹ ከምን እንደተሠራ እንኳ አናውቅም።

ስለዚህ ሥራውን እየጻፍኩ ልሄድ ነው። ሌላ ገዢ ሲጠይቀን ከዜሮ አንነሳም። አራዳም ሆነ አዘዞ በቆዳ ሥራ ላይ ላላችሁም ይጠቅም ይሆናል።

መስከረም 25

መጀመሪያ ሕጉ። ሪች የሚባለው የአውሮፓ ኅብረት የኬሚካል ሕግ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2007 ነው። በውስጡ እኛን የሚነኩ ሁለት ዝርዝሮች አሉ። ሰው ሁሉ የሚያምታታው እነዚህን ነው።

አንደኛው የክልከላ ዝርዝር ነው። እዚያ ላይ ያለ ነገር ከተቀመጠለት መጠን ካለፈ ዕቃው አይሸጥም፣ አለቀ። ሁለተኛው «የዕጩዎች ዝርዝር» ይባላል። ካንሰር የሚያመጡ፣ መውለድን የሚያውኩ፣ ሳይበሰብሱ በሰውነትና በአካባቢ የሚከማቹና የመሳሰሉት የሚመዘገቡበት ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሲጀመር 15 ነበሩ፤ አሁን ከ240 በላይ ሆነዋል። ዝርዝሩን የሚያወጣው ሄልሲንኪ ያለው የአውሮፓ ኬሚካሎች ኤጀንሲ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ሁለቴ ይጨምርበታል።

ከዚህኛው ዝርዝር የሆነ ነገር ከዕቃው ክብደት 0.1 በመቶ በላይ ከተገኘ በዚህ ብቻ ዕቃው አይታገድም። መናገር ግን ግዴታ ነው። ለነጋዴ የሚሸጥ ሰው ሳይጠየቅ ይናገራል። ተራ ገዢ ሱቅ ገብቶ ከጠየቀ ደግሞ በ45 ቀን ውስጥ፣ በነጻ ይመለስለታል። ቢያንስ የንጥረ ነገሩ ስም መነገር አለበት። እ.ኤ.አ. ከጥር 2021 ወዲህ አውሮፓ ውስጥ ያለው አስመጪ ስኪፕ በሚባል የመረጃ ቋትም ያስመዘግበዋል። ዕቃው አርጅቶ ሲጣል ቆሻሻውን የሚለየው ሰው ምን እንደያዘ እንዲያውቅ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ሕጉ በቀጥታ የሚይዘው አስመጪዋን ነው፣ እኛን አይደለም። ጎንደር መጥቶ የሚቀጣን ተቆጣጣሪ የለም። እሷን ግን ይቀጧታል። እሷ ያላት መረጃ ደግሞ እኛ የምንሰጣት ብቻ ነው። ለዚህ ነው ቀብዱን የያዘችው። አልፈርድባትም።

መስከረም 28

ዛሬ አንድ ያለቀለት ቦርሳ ፈታን። ጋሼ፣ አንጋፋው ሰፊያችን፣ በገዛ እጃቸው የሰፉትን በወስፌ መልሰው ሲተረትሩ ፊታቸው ጥሩ አልነበረም። «ሰው ሙት አድርጎ አይመረምርም፣ እናንተ ቦርሳ ገደላችሁ» አሉ።

የወጣው ብዙ ነው። ቡናማ የፊት ቆዳ። ጥቁር የማንገቻ ቆዳ። የጥጥ ገበር፣ ከዳር ጥለት ያለው። ሰው ሠራሽ ቆዳ የሆነ የውስጥ ኪስ (ይህ ቦርሳችን ውስጥ እንዳለ ገዢዋ ታውቅ ይሆን?)። የናይለን ክር። ዚፕ፣ የዚፑ ጥርስና የዚፑ መጎተቻ ለየብቻ። የነሐስ ዘለበት። የማግኔት ቁልፍ። የጠርዝ ቀለም። በየመገጣጠሚያው የደረቀ ማስቲሽ። ከዚያ ማሸጊያው፣ ፕላስቲኩና ካርቶኑ።

እያንዳንዱ መመዘን አለበት። የኛ ሚዛን የኪሎ ነው፣ ዘለበት አይቆጥርም። ፒያሳ ወርቅ ቤት ያለው ወዳጃችን በወርቅ ሚዛኑ መዘነልን። «ይሄን ነሐስ ወርቅ አድርጋችሁ ልትሸጡ ነው እንዴ?» እያለ። ቦርሳው በድምሩ 900 ግራም ገደማ። ዘለበቱ 20 ግራም።

ጥቅምት 3

ይህ 20 ግራም ለምን እንዳስጨነቀኝ ልጻፍ።

ነሐስ ውስጥ ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ይጨመራል፤ እሱ ደግሞ የዕጩዎች ዝርዝር ላይ አለ። በማሽን ሲቆረጥ ቀላል እንዲሆን፣ ፍቅፋቂው እየተሰበረ እንዲወድቅ ነው። በማሽን ለመቆረጥ ተብሎ በሚሠራው ነሐስ ውስጥ 3 በመቶ አካባቢ እርሳስ መኖሩ የተለመደ ነው። የ20 ግራም 3 በመቶ 0.6 ግራም ነው። ይህን ለ900 ግራም ቦርሳ ብናካፍለው 0.067 በመቶ ይመጣል። ከ0.1 በታች! ደስ ይላል። «የለም» ላይ ምልክት ማድረግ ይቻላል ማለት ነው።

አይቻልም። በዚህ ጉዳይ ላይ አውሮፓ ውስጥ ለዓመታት ሲከራከሩ ነበር። አንዳንድ አገሮች ስሌቱ በጠቅላላው ዕቃ ነው ሲሉ፣ ሌሎቹ በእያንዳንዱ ክፍል ነው አሉ። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መስከረም 10 ቀን 2015 ቁርጡን ተናገረ። ዘለበት ቦርሳ ላይ ከመሰፋቱ በፊት ራሱን የቻለ ዕቃ ነበር፤ ከተሰፋም በኋላ እንዲሁ ነው። ስለዚህ 0.1 በመቶው የሚሰላው ከዘለበቱ ክብደት ነው። ለ20 ግራም 20 ሚሊግራም። የኛ ነሐስ እንደተለመደው ከሆነ 600 ሚሊግራም እርሳስ ይዟል።

ቢሆንም ፍርዱ ትክክል ይመስለኛል። አለበለዚያ ቦርሳውን ትልቅ እያደረጉ መርዙን ማሳነስ ይቻል ነበር።

ጥቅምት 9

የአቅራቢዎች ሳምንት። ስልክ፣ ቴሌግራም፣ ኢሜይል።

ቆዳ ፋብሪካው ቶሎ መለሰ። ለውጭ የሚሸጥ ፋብሪካ ይህን ጥያቄ ለምዶታል። የተጠቀሙባቸውን ኬሚካሎች ስምና ካስ ቁጥር ላኩ። ካስ ቁጥር ማለት ለእያንዳንዱ ኬሚካል የተሰጠ መታወቂያ ነው። አንድ ኬሚካል አሥር የንግድ ስም ሊኖረው ይችላል፣ ቁጥሩ ግን አንድ ነው። የእርሳስ 7439-92-1 ነው። አቅራቢ ጋ ስትደውሉ ከስም ይልቅ ቁጥር ጠይቁ። ጊዜ ይቆጥባል።

መርካቶ ያለው የዚፕ ነጋዴ ግን ሳቀብኝ። «ወንድሜ፣ ዚፕ እኮ ነው! ይከፈታል፣ ይዘጋል።» ከየት እንደመጣ ጠየቅኩት። «ከቻይና፣ ከየት ይመጣል።» ፋብሪካው? «ካርቶኑ ላይ ነበር፣ ካርቶኑን ጣልነው።» ጥሩ ሰው ነው፤ ቆይቶ በራሱ ማኅተም «ከመርዝ ነጻ» የሚል ደብዳቤ ጽፎ ላከልኝ። ደብዳቤውን አስቀምጬዋለሁ፣ ቅጹ ላይ ግን አይገባም። ማን መረመረው? በምን ዘዴ? የትኛውን ንጥረ ነገር ፈልጎ? እነዚህ የሌሉበት ወረቀት ምርቃት ነው።

የዚፑ መጎተቻ ለስላሳ ፕላስቲክ ነው፣ ሽታውም ያስጠረጥራል። ፒቪሲ የሚባለውን ፕላስቲክ ለማለስለስ ዲኢኤችፒ የሚባል ፍታሌት ሲጨመርበት ኖሯል። እሱና ሦስት ዘመዶቹ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2020 ወዲህ ተደምረው ከ0.1 በመቶ በላይ ከሆኑ ክልከላ ውስጥ ናቸው። መናገር ብቻውን አያድንም። መጎተቻውን በቆዳ ቁራጭ ለመተካት ወሰንን። ጋሼ ወዲያው ቆርጠው ሠሩት፣ ከፕላስቲኩም ያምራል። ዚፑን ራሱን ኦኮ-ቴክስ የሚባል ምስክር ወረቀት ካለው አቅራቢ እንገዛለን። ዋጋው ይጨምራል፤ እትዬ ፊታቸውን አጥቁረው ተስማሙ።

ሰው ሠራሽ ቆዳው ኪስም ወጣ። እንዲህ ያለው ቆዳ ሲሠራ ዲኤምኤፍ የሚባል ፈሳሽ መጠቀም የተለመደ ነው። እሱም እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በዕጩዎች ዝርዝር ላይ አለ። ላቦራቶሪ ልኮ ከመክፈል በጥጥ መተካት ይቀላል። ለአንድ ኪስ ብለን አንጨቃጨቅም።

ጥቅምት 16

ማስቲሽ። ይህን ክፍል ሳልጽፈው ብቀር በወደድኩ፤ ቅጹ ላይ የለምና።

ጣሳው ላይ ያለው ጽሑፍ በውጭ ቋንቋ ነው። ማንም አንብቦት አያውቅም። ምልክቶቹ ግን ያለ ቋንቋ ይነበባሉ። በቀይ ጠርዝ የተከበቡ ነጭ አልማዞች ናቸው። አንዱ ነበልባል ነው። አንዱ ቃለ አጋኖ። ሌላው ደረቱ ላይ ኮከብ የፈነዳበት ሰው። ይህ የመጨረሻው ማለት ቶሎ የማይታይ፣ ውስጥ የሚጎዳ ነገር አለ ማለት ነው።

ከአስመጪው የደህንነት መረጃ ሰነድ ጠየቅኩ። ይህ ሰነድ በየትም አገር 16 ክፍል ነው። ክፍል 2 አደጋውን፣ ክፍል 3 የተሠራበትን፣ ክፍል 8 እንዴት መጠንቀቅ እንዳለብን ይናገራል። ሲመጣ ክፍል 3 ላይ ቶሉዊን አለ፣ ካስ ቁጥር 108-88-3። ሄክሴንም አለ። ክፍል 2 ላይ ስለ ቶሉዊን «ፅንስን እንደሚጎዳ ይጠረጠራል» ይላል። ሄክሴን ደግሞ ከሚያደርሰው አንዱ የነርቭ ጉዳት ነው፤ ጣሊያንና ጃፓን ውስጥ ጫማና ቆዳ ሠሪዎች እግርና እጃቸው እየደነዘዘ የታመሙት በሱ ነበር።

ከሰፊዎቻችን አንዷ ነፍሰ ጡር ናት። ማስቲሽ የምትቀባውም እሷ ናት፤ ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ቀላል ሥራ ነው ተብሎ የተሰጣት።

ገዢዋ ስለዚህ አልጠየቀችም። መጠየቅም አይኖርባትም፤ ቶሉዊን ቦርሳው ሃምቡርግ ሳይደርስ ተንኖ ያልቃል። የሚተነው እዚህ ነው። ሕጉ የተጻፈው ለሚገዛው ሰው ነው፣ ለሚሠራው አይደለም። ይህን ሳስብ ተናደድኩ፣ ግን በማን እንደምናደድ አላውቅም። ጣሳው ሁልጊዜም ፊታችን ነበር።

ሰነዱን አትሜ ለእትዬ አነበብኩላቸው። የ«ፅንስ» ቦታ ላይ ስደርስ አስቆሙኝ። በማግስቱ የማጣበቂያው ጠረጴዛ ወደ በረንዳው ወጣ። ልጅቷ ወደ ቆረጣ ተዛወረች። ጣሳው ከሥራ ውጭ ክዳኑ ተገጥሞ ይቀመጣል። የከሰል ምድጃው፣ ያ ቡና የሚፈላበት፣ ወደ ሌላኛው ጥግ ሄደ፤ ነበልባሉን ምልክት ካዩ በኋላ ማንም አልተከራከረም። በውሃ የሚሠራ ማጣበቂያም እየሞከርን ነው። ቀስ ብሎ ይደርቃል፣ ገንዘቡም ይበዛል። ለገበሩ ጥሩ ያዘ። ለማንገቻው አልያዘም፤ እዚያ ላይ አሁንም ማስቲሽ ነው።

ጥቅምት 24

ቆዳው። የቅጹ ዋና ጉዳይ ይህ ነው።

ከዓለም ቆዳ አብዛኛው የሚለፋው በክሮሚየም ነው። ቆዳ ፋብሪካ የሚገባው «ክሮሚየም ሦስት» የሚባለው ዓይነት ነው፣ ያን ያህል የሚያሰጋ አይደለም። ችግሩ «ክሮሚየም ስድስት» የሚባለው ነው። ማንም አይጨምረውም፤ ሦስቱ ራሱ ወደ ስድስት ይለወጣል። ቆዳ ላይ አለርጂ ያስነሳል። አንዴ የተነሳበት ሰው ደግሞ ዕድሜ ልኩን ይጠነቀቃል። አውሮፓ እ.ኤ.አ. ከግንቦት 2015 ጀምሮ ሰውነትን የሚነካ የቆዳ ዕቃ ውስጥ በኪሎ ከ3 ሚሊግራም በላይ ከተገኘ እንዳይሸጥ ከልክሏል። በነገራችን ላይ ይህም የመናገር ሳይሆን የክልከላ ጉዳይ ነው።

ሦስቱን ወደ ስድስት የሚለውጠው ምንድን ነው? ሙቀት። የፀሐይ ጨረር። ደረቅ አየር። በማልፋት ጊዜ አሲዱ በደንብ ካልተስተካከለ እሱም። ቆዳውን ለማለስለስ የገባው ዘይት የዓሣ ዘይት ዓይነት ከሆነ ደግሞ ይብሳል።

አሁን ስለ ጎንደር አስቡ። ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ነን። ከጥቅምት በኋላ ዝናብ የለም፣ አየሩ ከንፈር ይሰነጥቃል። ቀለም የተቀባ ቆዳ የምናደርቀው የት ነው? ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ፣ በቀትር። ክሮሚየሙን ወደ ስድስት ለመለወጥ የሚያስፈልገው ሁሉ ያለ ክፍያ ቀርቧል።

የሁለቱንም ቆዳ ቁራጮች አዘጋጀሁ። ቡናማው ከፋብሪካ እንደመጣ፣ ቡናማው እኛ ቀብተን ጣሪያ ላይ ካደረቅነው፣ ጥቁሩ። የገበሩን ጥለትና የነሐስ ዘለበቱንም ጨመርኩ። ቆዳው በላስቲክ ሳይሆን በአሉሚኒየም ወረቀት ተጠቅልሎ፣ ጨለማ ውስጥ ይላካል። ከአዘዞ በአውሮፕላን ወደ አዲስ አበባ ሄደ። መንገዱ አሁን የሚታመን አይደለም።

ላቦራቶሪውን ስታነጋግሩ አንድ ነገር ተጠንቀቁ። ጨረር ተኩሶ በደቂቃ ውስጥ ብረት የሚለይ መሣሪያ አለ። ለዘለበት እርሳስ ግሩም ነው። ለቆዳ ግን ጠቅላላ ክሮሚየም ብቻ ነው የሚነግራችሁ፤ ሦስትና ስድስትን አይለይም። በዚያ ውጤት የሚደነግጥም የሚጽናናም ሰው ገንዘቡን አቃጥሏል። መጠየቅ ያለበት አይኤስኦ 17075 የሚባለው ምርመራ ነው። ገዢያችን ደግሞ ቆዳው በ80 ዲግሪ ሙቀት ለ24 ሰዓት ደርቆ «ካረጀ» በኋላ እንዲመረመር ትፈልጋለች። ቦርሳው መጋዘን ከርሞ ምን እንደሚሆን ለማየት ነው።

ኅዳር 4

ትናንሽ ነገሮች። የጫማ ነጋዴ ጎረቤታችን በክረምት ቦርሳ እንዳይሻግት ካርቶን ውስጥ የሚገባ ትናንሽ ከረጢት አመጣልን። ምንም አልተጻፈበትም። መለስኩለት። አውሮፓ ውስጥ ሶፋና ጫማ ውስጥ በተከተተ የሻጋታ ከረጢት ምክንያት ብዙ ሰው ቆዳው ተቃጥሎ ነበር፤ ውስጡ የነበረው ዲሜቲል ፉማሬት ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ታገደ፣ የሚፈቀደውም በኪሎ 0.1 ሚሊግራም ብቻ ነው። ስሙ ያልተጻፈበት ነገር ካርቶናችን ውስጥ አይገባም።

ገበሩን ከሸማኔው ጋር ተነጋገርን። ድሩ ነጭ ጥጥ፣ ሳይነከር። ጥለቱ አንድ ቀለም ብቻ ይሆናል፣ ላቦራቶሪ የላክነው አረንጓዴው። «አዞ» ከሚባሉ አንዳንድ የጨርቅ ማቅለሚያዎች የሚወጡ 22 አሚን የሚባሉ ጎጂ ኬሚካሎች አሉ፣ ገደባቸው በኪሎ 30 ሚሊግራም ነው። ሦስት ቀለም ማስመርመር ከአንድ ቀለም ሦስት እጥፍ ስለሚያስከፍል አማርጠን ተውን።

ኅዳር 20

ውጤት መጣ።

ጥቁሩ ቆዳ ንጹሕ ነው፣ ካረጀም በኋላ። አረንጓዴው ጥለት አልፏል። ቡናማው ከፋብሪካ እንደመጣ ከ3 በታች ነው፤ ሲያረጅ ግን ከፍ ይላል። ቡናማው ከጣሪያችን የወረደው ሳያረጅም ከ3 በላይ ነው። የነሐስ ዘለበቱ እርሳስ ከ2 በመቶ በላይ።

ቡናማውን ቆዳ የገዛነው ለሙሉ ትእዛዙ ነው። ክምር ነው።

እትዬ ብዙ ሳያስቡ መፍትሔ አመጡ። ለጥምቀት ጎንደር በሰው ትጥለቀለቃለች። ቡናማውን እዚሁ ሰፍተን ፒያሳ እንሽጠው፣ ለጀርመን ሌላ ቆዳ እንግዛ። እዚህ ማን ይመረምራል? በሕግ አነጋገርማ ልክ ናቸው። ክርክሩን የዘጉት ጋሼ ናቸው። ከሥራቸው ቀና ሳይሉ፣ «የጀርመን ቆዳ ቆዳ ነው፣ የኛ ቁርበት ነው?» አሉ። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እትዬም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ስለ ፒያሳ ያነሳ የለም።

ገና ያልተቀባውን ቡናማ ፋብሪካው እንዲመልስ ጻፍን። ብዙ ከተመላለስን በኋላ ግማሹን ተቀበለ። በምትኩ የሚሰጠን ቆዳ ዘይቱ ተለውጦ፣ መጨረሻ ላይ በእንጨት ታኒን የታሸ ነው። ከግራር ልጥና ከመሳሰሉት የሚወጣ ታኒን ክሮሚየሙ ወደ ስድስት እንዳይሄድ ይከላከላል። የአገራችን ቆዳ አልፊዎች ክሮሚየም ሳያውቁ በግራር ልጥ ሲያለፉ ኖረዋል። ስለዚህ ቃሉ ለጋሼ አዲስ ቢሆንም ሽታው አዲስ አልሆነባቸውም።

የተቀባው ቡናማ መጋዘን ተቆልፎበታል፣ ላዩ ላይ ወረቀት ተለጥፎ። ኪሳራው ኪሳራ ነው። ጣሪያው ላይ ቆዳ ማስጣት ቀርቷል፤ ከመጋዘኑ ጀርባ ጥላ ውስጥ ገመድ ተወጥሯል።

ታኅሣሥ 6

ወደ ነሐሱ። ለገዢዋ የዘለበቱን ውጤት ላክሁ። ካስ ቁጥሩን፣ ክብደቱን፣ መቶኛውን ጽፌ፣ «እርሳስ አለ» ብዬ። እርሳስ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2018 ጀምሮ በዕጩዎች ዝርዝር ላይ ስላለ መናገር ይገባል።

መልሷ ጨዋ ነው፣ ግን መናገሩ አልበቃም። ሌላ ደንብ አለ። ሕፃን አፉ ውስጥ ሊከተው በሚችል ትንሽ ዕቃ ወይም የዕቃ ክፍል ውስጥ እርሳስ ከ0.05 በመቶ እንዳይበልጥ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2016 ጀምሮ ተከልክሏል። ለነሐስ ትንሽ ላላ ተደርጎ እስከ 0.5 በመቶ ይፈቀዳል። የኛ ዘለበት ከቦርሳው ወጣ ብሎ የተንጠለጠለ፣ ሁለት ጣት የማይሞላ ነገር ነው። እናቷ ጭን ላይ የተቀመጠች ሕፃን መጀመሪያ የምትነክሰው እሱን ነው። ጽፋልኛለች፣ በጣም እንደምትወደው ግን እንደማትችል።

ዘለበቱን የሚያቀልጡልን ጋሼ ሌላኛው ናቸው፣ የከተማው ዳር ላይ ያሉት። የድሮ የቧንቧ ራስ፣ የተሰበረ ቁልፍ፣ የተገኘውን ነሐስ ሰብስበው ያቀልጣሉ። እርሳሱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ሄጄ ነገርኳቸው። ስለ ጀርመን ሕፃን ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ስለ ምድጃው ስነግራቸው ግን ዝም አሉ። እርሳስ ያለው ነሐስ ሲቀልጥ እርሳሱ በጭሱ ይወጣል፣ አመዱ ላይም ይቀራል። ለልጅ «ይህን ያህል አይጎዳም» የሚባል የእርሳስ መጠን እንደሌለ የዓለም ጤና ድርጅት ይናገራል። የልጅ ልጆቻቸው የሚጫወቱት እዚያው ግቢ ነው።

«ታዲያ እኔ ምን ልሥራ?» አሉ። ልክ ናቸው። ሥራቸውን ወስጄ ምክር ብሰጣቸው ምን ይጠቅማቸዋል? ለዚህ ትእዛዝ የማይዝግ ብረት ዘለበት ከአዲስ አበባ እናመጣለን፣ ሰነድ ያለው። ለሚቀጥለው ግን እርሳቸው ከኤሌክትሪክ ሽቦ መዳብና ከአዲስ ዚንክ እንዲሞክሩ ተስማማን። የሽቦ መዳብ ንጹሕ ነው። ችግሩ ዚንኩ ነው፤ መዳብ የሚቀልጠው በ1,085 ዲግሪ ሲሆን ዚንክ ግን በ907 ይፈላል። መዳቡ ቀልጦ ዚንኩ ሲገባ ነጭ ጭስ ይነሳል፣ የተነፈሰውን ሰው ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጠዋል። ይህንን ከኔ በፊት ያውቁታል። «ወተት እጠጣለሁ» አሉኝ። ወተቱን ተውትና ምድጃውን ከነፋሱ አቅጣጫ አዙሩት፣ ልጆቹም ከግቢ ይውጡ አልኳቸው። ምድጃው ተዛውሯል።

ታኅሣሥ 22

ቅጹ ተሞልቶ ሄደ። ለየክፍሉ ክብደት፣ አቅራቢ፣ የምርመራ ቁጥር ወይም የአቅራቢ ሰነድ ተያይዟል። ማግኔቱ ላይ ያለው ኒኬል ቅብ ተጠቅሷል፤ ቆዳ ለብሶ ስለሚሰፋ እጅ አይነካውም፣ ያንንም ጽፌያለሁ። የጠርዝ ቀለሙ ሰነዱ ጎዶሎ ነበር፤ በንብ ሰም ተክተነዋል፣ ጋሼ ድሮም ቀለሙን አይወዱትም ነበር።

«የለም» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት አለ። ከሱ ሥር አንድ ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ ይህ መልስ የሚያገለግለው ዛሬ ባለው ዝርዝር መሠረት፣ ከላይ ለተጠቀሱት ዕቃዎች ብቻ ነው። ቀንም አለው። ነገ ሌላ ዚፕ ከገዛን ወረቀቱ ዋጋ የለውም። እትዬ ፈረሙ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ከመፈረማቸው በፊት ሁሉንም ገጽ አስነበቡኝ።

ጥር 16

ቀብዱ ከጥምቀት በፊት ገባ። አዲሱ ቡናማ ቆዳ ደርሷል። ትንሽ ጠንከር ይላል፣ ቀለሙም ደብዘዝ ያለ ነው፤ ገዢዋ ፎቶውን አይታ ወዳዋለች። ከየቆዳው ጥቅል አንድ ቁራጭ ቆርጠን፣ ቀንና የጥቅል ቁጥር ጽፈን፣ በፖስታ እያሸግን እናስቀምጣለን። ቅሬታ ከመጣ የምንመረምረው እሱን ነው።

የዕጩዎች ዝርዝር ብዙውን ጊዜ በፈረንጆቹ ጥርና ሰኔ ስለሚታደስ በነዚያ ወራት ቁጥሮቹን ከኛ ሰነድ ጋር የማስተያየት ሥራ ለሂሳብ ሠራተኛችን ተሰጥቷል። በውሃ የሚሠራው ማጣበቂያ ማንገቻው ላይ አሁንም አልያዘም፤ ሌላ ዓይነት አዘናል። የሽቦ መዳቡ ዘለበት ተሠርቷል፣ ከቀድሞው ቀላ ይላል፣ ፋይል ሲያደርጉትም አስቸግሯል። ናሙናው ትናንት አዲስ አበባ ሄዷል። ውጤቱ ሲመጣ እዚሁ እጨምራለሁ።